የሚፈታ እግር

ወዳጆ ሚስማር አይወድም። «ሚስማር አንዴ ከገባ ገባ ነው» ይላል። «ተሳስተህ ብትመታው እንኳ ይቅርታ አያውቅም። ልንቀልህ ስትለው እንጨቱን ገንጥሎ ይመጣል። ብሎን ግን ሰው ነው። ታስረዋለህ፣ አልጥም ካለህ ትፈታዋለህ፣ ነገ ሌላ ቦታ ይሠራልሃል።» ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደሩ ይህን ስብከት ሳይወድ በግዱ ያልሰማ ሰው የለም። የበጎቹ ጋጣ በር በብሎን የተያያዘ ነው፤ ተፈትቶ ወደ ሌላ ጥግ መዛወር ይችላል። አልጋው ይፈታል። ወንበሩ ተጣጥፎ በቅሎ ላይ ይጫናል፤ በዚያ አገር ወንበር ጭኖ መንገድ የሚሄድ ሰው ታይቶ ባይታወቅም። ሚስቱ ይመኙሻል የእህል ጎታዋ ክዳን ላይ ብሎን ተተክሎ ባገኘች ቀን «ይሄስ ወዴት ሊሄድ ነው?» ብላ ጠይቃዋለች። እሱ ብሎኑን አጠበቀው።

ግራ እግሩም በብሎን የተያያዘ ነው፤ የዚህ ታሪክ ጣጣም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የተፈጥሮ እግሩን ከጉልበቱ በታች የወሰደበት ሰሜን የተቀበረ ፈንጂ ነበር። በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ መኪና ጥገና መድበውት ስለነበር ጠመንጃ ከያዘበት ቀን መፍቻ የያዘበት ይበልጣል። አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ጎማ ሊቀይር ወርዶ ከመንገዱ ጠርዝ ትንሽ አለፍ አለ፤ በቃ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ተለውጦ የቀድሞው ጦር ሲበተን በምርኩዝ እየተደገፈ መንዝ ገባ። ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ኮዳ ይዞ ሲመጣ እሱ ያንጠለጠለው ብሎንና ዳዶ የሞላበት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። እናቱ ገንዘብ መስሏቸው ተቀበሉት፤ ከፍተው ሲያዩት ከእግሩ ይልቅ ለጣሳው ያለቀሱ ይመስለኛል።

ይመኙሻል ያገባችው ምርኩዙን ሳይጥል ነው። ዘመዶቿ «ምን አይተሽ?» ሲሏት «ቁጭ ብሎ የሚሠራ ወንድ አይቼ» አለቻቸው። ደግሞም እውነቷን ነው፤ ወዳጆ ቁጭ ካለ የማይሠራው ነገር አልነበረም። በሰማንያ ውል ተጋብተው ጎጆ ወጡ፣ ገብስ ዘሩ፣ በግ አረቡ።

አዲስ አበባ ሄዶ የተሰጠው ሰው ሠራሽ እግር መልካም እግር ነበር፤ ለአስፋልት። የመንዝ ክረምት ሲደጋገምበት ግን ተሰነጠቀ። ወዳጆም «የራሴን እግር ራሴ እሠራለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱን የሚቀበለውን ቀፎ ከመርሐቤቴ ቆላ ከመጣ ዋንዛ ፈለፈለው፣ ውስጡን በበግ ጠጉር ደለደለው። ከቀፎው በታች የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አቆመ። ከቧንቧው በታች የወይራ መርገጫ፣ ከመርገጫው ሥር ደግሞ ከካሚዮን ጎማ የተቆረጠ ሶል። ሁሉም በብሎን። በዚህ እግር አረሰ፣ አጨደ፣ ቀበሌ ስብሰባ እያረፈደ ደረሰ። ገደል ቢሆን የሚይዘው ይህ ጎማ ነው።

የማይገባበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረ።

አዲሱን እግር አስሮ መጀመሪያ የሄደው ወደ ደብራቸው ወደ ማርያም ነው። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ወዳጆም ቀኝ ጫማውን አወለቀ። ወደ ግራው ዞሮ አየ። በግራው በኩል ያለው የካሚዮን ጎማ ነው፤ ጥርሱ መሐል የበግ በጠጥ የተሰነቀረበት ጎማ። ማንም ምንም አላለውም። እሱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰና በውጭው ቅጽር ካለው የጥድ ዛፍ ሥር ቆሞ አስቀደሰ። በሚቀጥለውም እሑድ እዚያው፤ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው። ጥዱ ሥር መቆም ነውር አይደለም፤ ግማሹ ምዕመን ውጭ ነው የሚያስቀድሰው። ስለዚህ ለምን እንደማይገባ የጠየቀው ሰው ሳይኖር ዓመታት አለፉ፤ ልጆች ተወልደው አደጉ።

ነገሩ የተነሣው ይመኙሻል ታማ በተነሣች ጊዜ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ራዲዮኑ ቀን በሚቆጥርበት ዓመት፣ ጥር ላይ የሳንባ ምች ጥሏት ነበር። ሰዉ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ተረፈች። ስትድን ለወዳጆ ነገረችው፦

«ተስያለሁ።»

«ምን? ጠቦት ነው?»

«አንተን።»

ወዳጆ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከሞት ብትተርፍ በመጪው ፍልሰታ አብረው ሥጋ ወደሙ ሊቀበሉ፣ የሰማንያ ትዳራቸውን በቁርባን ሊያጸኑ ለማርያም ተስላ ነበር። ባለትዳር ለብቻው አይቆርብም። ስለቷ የሚደርሰው እሱ ከጥዱ ሥር ተነሥቶ ከገባ ብቻ ነው።

«እንደ ፌንጣ እየዘለልኩ ልግባ?» አለ ወዳጆ።

«እግር አለህ እኮ።»

«ጎማ ነው ያለኝ። ጎማ ጫማ ነው። ጫማ ደግሞ አይገባም።»

እሷ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጥዱ ሥር የሚቆመው እንደ ሌላው ሰው አየር ስለሚወድ ይመስላት ነበር። ጎረቤታቸው ጌታነሽ ደግሞ ሌላ ታወራ ነበር። «ጦር ሜዳ የሰው ነፍስ አጥፍቶ ንስሐ አልገባም፤ ለዚህ ነው የማይገባው» የሚለው ወሬ ከሷ ጠላ ቤት ወጥቶ መንደሩን ዞሯል። ይመኙሻል ያን ወሬ ሰምታ ለባሏ ሳትነግር ብቻዋን የተብከነከነችበት ጊዜ ነበር። አሁን ምክንያቱ ጎማ መሆኑን ስትሰማ ትሳቅ ወይ ታልቅስ ግራ ገባትና ቄስ ኃይለመስቀልን ጠርታ አስመጣች።

ቄስ ኃይለመስቀል የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ነገር የማያበዙ። እግሩን አስወልቀው አዩት፤ እንደ መጽሐፍ አገላብጠው አዩት።

«ጫማህን አውልቅ የሚል አለ» አሉ። «እግርህን አውልቅ የሚል ግን አላነበብኩም። ግባ።»

«አባ፣ ይሄ እኮ ጋጣ የሚገባበት ነው።»

«አንተስ ጋጣ አትገባም? ታጥበህ ትመጣ የለም? እሱንም አጥበኸው ና።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን እጅ ነሥቶ፣ እግሩን በውሃ ለቅልቆ፣ ሚስቱን ይዞ ይገባል። ወዳጆ ግን ቄሱ እያወሩ ሳለ ዓይኑ ቧንቧውና መርገጫው የሚገናኙበት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ሐሳብ መጥቶለታል። ሐሳብ የመጣለት ወዳጆ ደግሞ ፈቃድ ሲሰጡት አይሰማም፤ እግዜር ይማረው እንጂ እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል።

«የሚፈታ አደርገዋለሁ!» አለ። «ለእርሻ ጎማው፣ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ ንጹሕ። ደጀ ሰላሙ ላይ እንደ ሰው ጎንበስ ብዬ አወልቄ፣ ንጹሑን ገጥሜ እገባለሁ!»

ቄስ ኃይለመስቀል ይመኙሻልን አዩ፤ ይመኙሻል መሬት መሬት አየች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለወዳጆ የደስታ ጊዜ ነበር። ብዙዎቹን ትናንሽ ብሎኖች አውጥቶ፣ ቧንቧውንና መርገጫውን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ረጅም ብሎን ብቻ ሊያደርግ ነው፤ ዳዶውን መፍታት፣ ብሎኑን መሳብ፣ እግር መቀየር። ብሎኑ በጣሳው ውስጥ አለ፤ ከራሽያ ካሚዮን የወጣ፣ የሚያምር ብሎን። ዳዶው ግን የለም። ዘመሮ ገበያ ወርዶ ዕቃ ሻጩን ያለውን ሁሉ አስወጣው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ዳዶ ሁሉ ዳዶ ነው፤ ውፍረቱ ከተስማማ ይገባል። ጥርሱ ግን አንዱ ደቃቅ ነው አንዱ ሰፊ፤ ካልተስማማ ትንሽ እንደዞረ ቀጥ ይላል፣ ግድ ካልከው ሁለቱንም ይበላቸዋል። የሻጩ ዳዶዎች ሁሉ እየዞሩ ቀጥ አሉ። ሻጩ «ብሎኑን ለምን አትቀይረውም?» ቢለው ወዳጆ የተሰደበ ያህል ተቀየመ። ደጋግሞ መኪና መቆሚያው ሄዶ ሾፌሮችን ለመነ። በመጨረሻ አንዱ ከዓለም ከተማ ጋራዥ እፍኝ ሙሉ ዳዶ በመሐረብ ቋጥሮ አመጣለት። ከመሐላቸው አንዱ በጣት ብቻ እየተገፋ እስከ መጨረሻው ሲሄድለት ወዳጆ ዳዶውን ሳመው፤ ሾፌሩ አይቷል።

ንጹሑን እግር ከወይራ ጠረበ። ከሥሩ ነጭ የበግ ቆዳ ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርጎ ለበጠው። «ቆዳውስ ለምን?» ስትለው «ንጽሕና ነው» አላት። ግንቦት ላይ ደጃፋቸው ቁጭ ብሎ አሳያት። ብሎኑን እንደ ወትሮው በበግ ላት ቀብቶት ስለነበር ዳዶው እየተንሸራተተ ወጣ፤ ጎማው ወለቀ፣ ነጩ ገባ። ይመኙሻል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችው። እውነቱን ለመናገር አምሯት ነበር። ባሏ በሁለት ንጹሕ እግር አጠገቧ ሲቆም ታያት።

ፍልሰታ ሲገባ እሷ ናት የጀመረችው።

«ያ ብሎን ላይ ያለው ላት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ምን ሆነ?»

«አንተ ሰው! በጾም፣ ሞራ የተቀባ እግር ይዘህ ልትቆርብ?»

ወዳጆ አላሰበበትም። ትክክል መሰለው። ብሎኑን በፈላ ውሃና በአመድ አጥቦ ላቱን ካስለቀቀ በኋላ የጾም ነገር ፈለገ፤ ቤት ውስጥ ያለው የኑግ ዘይት ነው። በኑጉ አሸው፣ ጎማውን መልሶ ገጠመ፣ ዳዶውን አጥብቆ አሰረ። ነጩ እግር በነጠላ ተጠቅልሎ ቀኑን ይጠብቅ ጀመር።

ያ ነሐሴ ዝናቡ አላባራ ያለበት ነሐሴ ነው። ጭጋጉ ከቤት ቤት አያሳይም፤ በረዶው ገብሱን አስተኛው። ወዳጆ በጎማው ጭቃ ለጭቃ ሲውል ሰነበተ። ይመኙሻል ቀኑ ሲቃረብ «እስቲ ፈትተህ ሞክረው» አለችው። «ምኑ ይሞከራል? በእጄ የሠራሁት ነው» አላት።

ቀኑ የጾሙ መገባደጃ ነው፤ ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ይገባል። ሁለቱም ንስሐቸውን ጨርሰው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ በካፊያ ውስጥ ደረሱ። ወዳጆ ነጩን እግር ጉያው ውስጥ ይዞ ነበር። ደጀ ሰላሙ ላይ ይመኙሻል «በል ቶሎ» ብላው በሴቶች በኩል ገባች። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ቀኝ ጫማውን አወለቀ፣ መፍቻውን ዳዶው ላይ አገባ፣ ገፋ።

ዳዶው ንቅንቅ አላለም።

ሌላ ጊዜ ገፋ። መፍቻውን ገልብጦ በሌላ በኩል ሞከረ። ወይራው ውሃ ጠጥቶ አብጦ ብሎኑን ጨምድዶ ይዞታል፤ የኑግ ዘይቱ ደግሞ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ወዳጆ በዚያ ሰዓት ይህን አላወቀም። የሚያውቀው ደወሉ መደወሉን፣ ሰዉ እየጎረፈ በአጠገቡ ማለፉን ነው። ቆራቢ ቅዳሴው ሳይገባ መግባት አለበት። አንድ ዲያቆን ብቅ ብሎ «ጋሼ ወዳጆ፣ አባ ይግባ ብለዋል፣ እንዳለ ይግባ» አለው። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ ወዳጆ። ግራውን ዘርግቶ በቀኝ እግሩ ቧንቧውን ረግጦ ያዘ፣ በሙሉ ክብደቱ መፍቻው ላይ ወደቀበት።

መፍቻው አመለጠው። እጁ በቧንቧው ስል ጠርዝ ላይ አለፈና መዳፉ ተዘረጠጠ። ደሙ ነጩ ነጠላው ላይ፣ ነጩ የበግ ቆዳ ላይ፣ ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ።

ደም የሚፈሰው ሰው እንደማይቆርብ፣ ቤተ መቅደስም እንደማይገባ በዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ማንም መንገር አላስፈለገውም። ወዳጆ እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ተቀመጠ። ዲያቆኑ አየውና ተመለሰ። ከውስጥ ዜማው ተጀመረ።

ይመኙሻል ወጣች። እሷም መቁረቧ ቀርቷል። እጁን አየች፣ ዳዶውን አየች፣ ዳዶው አሁንም ቦታው ላይ ነው። መጀመሪያ የሱን ነጠላ ፈትታ ቁስሉን በራሷ መቀነት አሰረችለት። አጥብቃ ነው ያሰረችው፤ የሚያመው እስኪመስል። ከዚያ ተናገረች፦

«አባ ግባ አሉህ። እኔ ግባ አልኩህ። አንተ ግን ፈቃዱን ከዳዶ ጠየቅህ።»

አጠገቡ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለቱም ከዚያ አልተነሡም። ሕፃናትና አሮጊቶች ቆርበው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ በአጠገባቸው አለፉ። ጌታነሽም ቆርባ ነበር። ወዳጆ በዚያች ሰዓት ፈንጂው ላይ ከቆመባት ሰዓት የባሰ ተሰማው ብል ማጋነን አይደለም። ያኔ የጎዳው ራሱን ብቻ ነበር።

ጾሙ እስኪያልቅ እጁ አልደረቀም፤ የስለቱ ቀን አለፈ። ሚሊኒየሙ ገባ፤ ከተማ ርችት ተተኮሰ አሉ። እነሱም ቤት ችቦ በራ፣ በግ ታረደ። ይመኙሻል የሚገባውን ሁሉ አደረገች፤ ከተረቧ በቀር። እሱን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። ወንበሩን አታሾፍበትም፣ ጎታውን አታነሣም።  ወዳጆ ተረብ የሌለበት ቤት እንዴት እንደሚበርድ ያን ጊዜ አወቀ።

አንድ ቀን እግሩን አውልቆ ዳዶው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሰበት፣ በእሳት አሞቀው፣ ሲነቀንቀው ቆይቶ ፈታው። በጥርሶቹ መሐል ቢጫ የደረቀ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሩ ፋቀው፣ አሸተተው። ከዚያ ሳያስበው ጮኾ ጠራት፦

«ይመኙ! ኑጉ ነው! ላቱ ቢሆን ኖሮ አይደርቅም ነበር! ኑግ ነው ያጣበቀው!»

እሷ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ ነኛ» አለች። «ላቱን አጥበው ያልኩህ እኔ ነኝ። ስለቴን በእጄ...»

አልጨረሰችውም፤ እንባዋ ቀደማት። ወዳጆ እግሩን ስላወለቀ ተነሥቶ ሊደርስባት አልቻለም። በእንብርክኩ ሄደ። ቀሚሷን ይዞ «የለም፣ የለም» አላት። «ኑጉም አይደል፣ አንቺም አይደለሽ። እኔ ነኝ።» ለምን እሱ እንደሆነ ግን አልነገራትም፤ ገና ለራሱም አልተናገረውም ነበር።

የተናገረው በዐቢይ ጾም፣ ለቄስ ኃይለመስቀል ነው። ንስሐ ሊገባ ሄዶ ጥዱ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ የተለመደውን ኃጢአት ሁሉ ዘርዝሮ ጨረሰ፤ ግን አልተነሣም። 

«አባ፣ ጎማው ጫማ ስለሆነ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ያኔ በሩ ጋ ስደርስ ውስጡ ጸጥ ብሎ ነበር። ብገባ እግሬ ቋ ቋ ሲል ሁሉም ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ። እናቴም ውስጥ ነበረች። ወታደር ሆኜ ስወጣ ያየኝ ሰው ሁሉ ውስጥ ነበረ። እንዳያዩኝ ብዬ ነው የተመለስኩ። የበግ ቆዳውንም የለበጥኩት ለንጽሕና አይደለም፤ ድምፁ እንዳይሰማ ነው። እግዜርን ፈርቼ አይደለም አባ፤ ሰው ፈርቼ ነው።»

ቄስ ኃይለመስቀል መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። የተበሳጩም መሰሉ፤ በራሳቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ሰውየውን ጥዱ ሥር እያዩት አልፈዋል።

«በጸሎተ ሐሙስ ና» አሉት። «ሚስትህንም ይዘህ፣ ተዘጋጅታችሁ። ያን መፍቻ ግን እንዳላይብህ።»

ወዳጆ ቤቱ ገብቶ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ። ጎማውን እግር ገጠመ፣ ብሎኑን አሳለፈ፣ ዳዶውን አሰረና የብሎኑን ጫፍ ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመዶሻ ቀጠቀጠው። ጫፉ ተዘርግቶ ዳዶውን ዋጠው፤ ከእንግዲህ በምንም መፍቻ አይወጣም። መዶሻው ሲያስተጋባ ይመኙሻል ከጓዳ ወጥታ አየችው። ወዳጆ የሚፈታ ነገር እንዳይፈታ ሲያደርግ አይታ ስለማታውቅ የታመመ መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቀኑ ብራ ነበር። በዚያ ቀን ካህናት ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ እንዳደረገው የምዕመናንን እግር ያጥባሉ፤ ከዚያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ቁርባን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አግዳሚ ተደርድሮ ወንዶቹ ባዶ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወዳጆ ከጫፍ ተቀመጠ። የግራውን ወደ ኋላ ሸሸገው። ይመኙሻል ከሴቶቹ መሐል ቆማ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች።

ቄስ ኃይለመስቀል ጨርቅ ታጥቀው፣ ሳፋው ላይ ጎንበስ እያሉ፣ የወይንና የወይራ ቅጠል በያዘ እጃቸው እያጠቡ መጡ። ወዳጆ ዘንድ ሲደርሱ ቀኙን አጠቡት፣ አደረቁት። ሰውየው እፎይ ብሎ ሊነሣ ሲል እጃቸውን ዘረጉ።

«ሁለተኛውን።»

«አባ፣ ይሄ አይታጠብም። ጎማ ነው።»

«አምጣ አልኩህ እኮ።»

ቄሱ ራሳቸው ከአግዳሚው ሥር ጎትተው አወጡትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ሁሉም። ወዳጆ ዓመታት የሸሸው ዓይን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣበት። ቄስ ኃይለመስቀል አልቸኮሉም። ቧንቧውን አጠቡ፣ ወይራውን አጠቡ፣ ሶሉን ገልብጠው በጎማው ጥርስ መሐል የተሰነቀረውን በጠጥ በጣታቸው እያወጡ አጠቡ። ውሃው ጠቆረ። ሌላ ውሃ አስመጡ። ከዚያ እንደ ቀኙ ሁሉ በጨርቁ አደረቁት፤ የማይደርቅ ጎማ ቢሆንም አደረቁት። ወዳጆ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ጌታነሽ እንኳ አለቀሰች።

ደወሉ ተደወለ። ይመኙሻል ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣችና በሩ ጋ ጠበቀችው። መድረኩን ተሻገሩ። ውስጡ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ጎማው ምንጣፉ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ጥቂት ሄድ ካለ በኋላ ወዳጆ ዞር ብሎ አየ። ከበሩ ጀምሮ ምንጣፉ ላይ በቀኝ በኩል ምንም የለም፤ በግራ በኩል ግን የካሚዮን ጎማ ጥርስ እርጥብ ሆኖ ታትሞ ታትሞ እስከ እግሩ መጥቷል።

«አበላሸሁት» አለ በሹክሹክታ።

«ወደ ፊት እይ» አለችው ይመኙሻልና ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ሄደች።